«የሚጠበቅበት» የምትለው ቃል

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን አቶ ዓምሃ፣ የሠራተኛ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ወይዘሮ ዓለምነሽ፣ ክቡራትና ክቡራን የፋብሪካችን ሠራተኞች። በር ላይ የቆማችሁ የቀለም ክፍል ልጆችም ግቡና ተቀመጡ እንጂ። በር ላይ መቆም የዘበኛችን የባጫ ሥራ ነው፤ እንጀራውን አትሻሙት።

ከሥራዬ ስሰናበት ልትሸኙኝ ስለ ተሰበሰባችሁ ከሁሉ አስቀድሜ ምስጋና ላቅርብ። አዳራሹን የጠረጋችሁ፣ ጠላውን የጠመቃችሁ፣ ዳቦውን የደፋችሁ፣ ወንበር ከየክፍሉ ተሸክማችሁ ያመጣችሁ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። አቶ ዓምሃም ሠራተኛው ቀደም ብሎ ከሥራ እንዲወጣ ስለ ፈቀዱ አመሰግናቸዋለሁ። እኔ በዚህ ፋብሪካ ማሽን ያለ ብልሽትና ያለ ለቅሶ ሲቆም ያየሁት ዛሬ ነው።

ጋቢውንም አይቼዋለሁ። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ቀኑን ሙሉ ብርድ ልብስ ሲሠራ የሚውል ሰው ለጓደኛው ሽሮ ሜዳ ወጥቶ ጋቢ ገዝቶ ሲሸልም ምን ማለቱ ነው? የራሳችንን ብርድ ልብስማ ማን ይለብሰዋል ማለታችሁ ነው። አቶ ዓምሃ፣ ይህችን እንዳልሰሙ ይለፏት። ጋቢው ግን ያምራል፤ የሠራው ሸማኔ እጁ ይባረክ። ዓለምነሽ ላልብስዎት ስትለኝ «ቆይ፣ ንግግሬን ልጨርስና» ያልኳት ንቄው አይደለም። ለምን እንደ ሆነ ትሰሙታላችሁ።

አዲስ የገባችሁ ልጆች ምናልባት «ይህ ሽማግሌ ምን ሲሠራ ነው የኖረው?» ትሉ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። ጥጥ አላበጠርኩም፣ ክር አልፈተልኩም፣ ቀለም አልነከርኩም። የእኔ ሥራ ውል መጻፍ ነው። ፋብሪካው ከማሽን ሻጭ ጋር፣ ከጥጥ አቅራቢ ጋር፣ ከእናንተ ከሠራተኞቹም ጋር የሚዋዋለው ሁሉ በእኔ ብዕር አልፏል። ከዚያ በፊት ፍርድ ቤት በር ላይ ጥላ ዘርግቼ የምቀመጥ ራፖር ጸሐፊ ነበርኩ። ከዚያም በፊት የቅኔ ተማሪ ነበርኩ፤ እሱን ወደ ኋላ አነሣዋለሁ።

ውል ስትጽፉ ከሁሉ የከበደችው ቃል የትኛዋ ትመስላችኋለች? ደመወዝ አይደለችም፤ ፈቃድም አይደለችም። «ማለት» ናት። በውሉ መግቢያ ላይ «ትርጉም» የሚል አንቀጽ አለ። እዚያ ላይ «ሠራተኛ ማለት እንዲህ ነው፤ አደጋ ማለት እንዲህ ነው፤ መከላከያ ማለት እንዲህ ነው» ተብሎ ይጻፋል። ሰው ሁሉ ቶሎ ብሎ ደመወዙ ወደተጻፈበት ገጽ ስለሚሄድ ያን አንቀጽ ያልፈዋል። እኔ ግን እነግራችኋለሁ፤ አንድ ቃል «ማለት» ከተባለለት በኋላ እናታችሁ ቤት የምታውቁት ቃል መሆኑ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ዳኛ ፊት የሚቆመው በእናንተ ልብ ያለው ፍቺ ሳይሆን የተጻፈው ነው። በሬ በቀንዱ፣ ሰው በቃሉ ይያዛል ይባል የለ? በውል የሚያዘው በ«ማለት» ነው።

እኔም በቃል ስንት ጊዜ ስቼ፣ ተዋርጄ አስቄአችኋለሁ።

የመጀመሪያውን ውላችንን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ያኔ የነበሩት ሥራ አስኪያጅ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ለሠራተኛው ደኅንነት አንድ ነገር ጻፍበት» አሉኝ። እኔም «ሠራተኛው በሥራ ላይ ባለበት ጊዜ ሁሉ ጥበቃ ይደረግበታል» ብዬ ጻፍኩ። «ይደረግለታል» ማለቴ ነበር። ብዕሬ ሳተ፤ «ለ»ን ዘልዬ «በ»ን አገባሁ። በአንዲት ፊደል የሚጠበቅለት ሰው የሚጠበቅበት ሌባ ሆኖ አረፈው።

ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ለተጻፈ ነገር ታማኝ ነበሩ። ባጫን ቀጠሩና ዱላ አስይዘው ማበጠሪያ ክፍል መሐል በርጩማ ላይ አስቀመጡት። ዓለምነሽ ያኔ ገና ልጅ ናት፣ ጥጥ ታበጥራለች። ባጫ ዓይኑን ሳይነቅል ሲያያት ዋለ።

«ምን ታያለህ አንተ?» አለችው።

«ጥበቃ እያደረግሁባችሁ ነው።»

«ማን አድርግባቸው አለህ?»

«ውሉ!»

ባጫ፣ አትደበቅ፤ ሁሉም ያውቀዋል። ሴቶቹ ለሽንት ሲወጡ እንኳ እስከ በሩ ድረስ ይከተላቸው ነበር። ፊደሏ እስክትቃና ድረስ እንዲያ ሆኖ ከረመ። ከዚያ ባጫ ወደ ውጭ በር ተዛወረ፤ እኔም «ጋሼ በ» የሚል ስም ወጣልኝ። አንዳንዶቻችሁ እውነተኛ ስሜን ያወቃችሁት ዛሬ የጥሪ ወረቀቱ ላይ አይታችሁ እንደ ሆነ ሰምቻለሁ።

ሌላም አለ። የማሽን ሻጮቹ የላኩትን ውል ስተረጉም፣ አደጋ ሲደርስ በምላሹ ስለሚወሰድ እርምጃ የሚናገር ክፍል አገኘሁ። ብዙ አሰብኩና «የአጸፋ እርምጃ» አልኩት። ቆንጆ ቃል መሰለኝ። «ማሽኑ በሠራተኛው ላይ ጉዳት ባደረሰ ጊዜ ኩባንያው አፋጣኝ የአጸፋ እርምጃ ይወስዳል» ብዬ ጽፌ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። የቀለም ክፍሉ ለታ ቆሞ አነበበውና ቢሮዬ መጣ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ማሽኑ ቢመታኝ ኩባንያው አጸፋውን የሚመልሰው ማን ላይ ነው? ማሽኑ ላይ ነው ወይስ እኔ ላይ?»

ሄጄ ወረቀቱን ቀደድኩት።

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም ስስቅ ኖሬአለሁ። በእነዚህ ስሕተቶቼ አንድም ቀን አልተቀየማችሁኝም። ለልጆቻችሁ ክርስትና ጠራችሁኝ፤ ቀጠሮ ሲኖርባችሁ ፍርድ ቤት አብሬአችሁ እንድቆም ለመናችሁኝ፤ ባለቤቴ ባረፈች ጊዜ ከዚህ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ አስከሬኗን በትከሻችሁ ተሸከማችሁልኝ። ታዲያ ምን ጎድሎኝ ነው ዛሬ ዙሪያ ጥምጥም የምሄደው? ጠላው አይደለም፤ ገና አልቀመስኩትም።

ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ሁላችሁም እንደምታውቁት፣ በዚሁ አዳራሽ አዲሱ የኅብረት ስምምነት ይፈረማል። ማኅበሩና ኩባንያው ክረምት ከበጋ የተጨቃጨቁበት ስምምነት ነው። ዓለምነሽ ስለ ሁላችሁ ትፈርማለች። ያን ስምምነት የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የመጨረሻ ሥራዬ ነው። አንዲት ነገር አለችበት።

አንቀጽ ሁለትን ልንገራችሁ፣ በቃሌ ይዤዋለሁ። «የመከላከያ ዕቃ ማለት ሠራተኛው ሥራ ላይ ሲሰማራ የሚጠበቅበት ጓንት፣ የአፍ መሸፈኛ፣ ቦት ጫማና ሽርጥ ነው።»

ምን ይጎድለዋል? ጥሩ ነው አይደል? አገር የሚጠበቅበት መሣሪያ እንደሚባል፣ ይህም ሠራተኛው የሚጠበቅበት ጓንት ነው። ጓንቱ እጁን ይጠብቃል፤ መሸፈኛው ሳንባውን ይጠብቃል። እናንተ እንዲህ አነበባችሁት፤ ደስም አላችሁ።

እስቲ አሁን ደግሞ በሌላ ጆሮ ስሙት። ልጃችሁ ትምህርት ቤት ሲገባ «ብዙ ይጠበቅብሃል» አትሉትም? ሙሽራ «የሚጠበቅበት ጥሎሽ» አለ አይባልም? የሚጠበቅበት ጓንት ማለት ሠራተኛው ከቤቱ ይዞ እንዲመጣ ግዴታው የሆነ ጓንት ማለት ነው። ራሱ ይግዛ፣ ራሱ ያምጣ፣ ሲቀደድ ራሱ ይተካ ነው።

አትሳቁ። ይህችኛዋ ቀልድ አይደለችም።

ገና አላለቀም። ወረድ ስትሉ ደግሞ ሌላ አንቀጽ አለ። «የሚጠበቅበትን ያላሟላ ወገን ለደረሰው ጉዳት በኃላፊነት ይጠየቃል» ይላል። ማኅበሩ ይህን ሲያነብ «ጎሽ፣ ኩባንያውን አሰርነው» ብሎ አጨበጨበ። የታሰረው ግን ማን ነው? ነገ የለታ እጅ በቀለም በርሜሉ ውስጥ ቢበላሽ፣ ዳኛው የመጀመሪያውን አንቀጽ ያነባል፣ ሁለተኛውን ያነባል፣ ከዚያ ለታን «ጓንትህ የታለ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ለታም የተጎዳው እሱ፣ ተጠያቂውም እሱ ሆኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የቅኔውን ነገር አነሣዋለሁ ብዬ ነበር። በቅኔ ቤት አንዲት ቃል ሆና ሁለት ነገር የምትናገረውን ኅብር እንላታለን። ሰሙ ላይ ላዩን ይታያል፣ ወርቁ ከሥር ተኝቷል። በልጅነቴ እንዲህ ያለች ቃል ሳገኝ መምህሬ «ይበል» ይሉኝ ነበር፤ ያን ቀን ምግብም አያምረኝ። ከዚያ ወዲህ ቅኔ ለእግዚአብሔርም ለመኳንንትም አልተቀኘሁም። በስተርጅና ለእናንተ ተቀኘሁላችሁ። ይቅርታ፣ ተቀኘሁባችሁ። ዛሬ «በ» ያልኩት ብዕሬ ስቶ አይደለም፤ ቦታዋ ስለ ሆነ ነው። ሰሙን ለእናንተ ሰጠሁ፣ ወርቁን ለኩባንያው።

አቶ ዓምሃ፣ እባክዎ ይቀመጡ። እርስዎን ልከስ አልተነሣሁም። የሆነውን እንደ ሆነው እናገራለሁ፣ ካጎደልኩ ያርሙኝ።

አቶ ዓምሃ ቢሮአቸው አስጠሩኝና እንዲህ አሉኝ። «ጋሽ ስብሐት፣ ማኅበሩ ኩባንያው ያቅርብ ይላል፤ ባለ አክሲዮኖቹ ሠራተኛው ራሱ ያሟላ ይላሉ። እኔ መሐል ላይ ተቃጠልኩ። ሁለቱም አንብበው የእኔ ነው የሚሉት አንድ ቃል ቢያገኙልኝ ይህ ጭቅጭቅ ባለቀ ነበር።» ቀጥለውም ስለ ልጄ አነሡ። አፀደን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ ታይፕ ቤት በጊዜያዊነት የምትሠራው ልጄ ናት። «አፀደ ጎበዝ ናት። ወንበርዎ ከቤትዎ ባይወጣ ደስ ይለናል» አሉኝ።

ሁለቱን ነገር አከታትለው ተናገሩ እንጂ «ይህን ካደረግህ ያን እሰጥሃለሁ» አላሉኝም። እውነቱ ይህ ነው። ያገናኘሁት እኔ ነኝ። ከቅኔ ቤት የተረፈኝ ሁለት ነገር በአንድ ላይ የማንበብ ልማድ አለብኝ።

ቃሏን ሳገኛት ምን እንደ ተሰማኝ ልንገራችሁ? ደስ አለኝ። ይህን ስናገር አፍራለሁ፣ ግን ደስ አለኝ። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ስወርድ መንገዱ ላይ መጣችልኝ፣ «የሚጠበቅበት» አልኩ፤ ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። አንዲት ፈትል ሻጭ «አባባ፣ ደኅና ነዎት?» አለችኝ። የለታ እጅ በዚያች ሰዓት ትዝ አላለኝም። የጥጡ ብናኝ ያመጣባት የዓለምነሽ ሳልም ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ መምህሬ ናቸው። አቶ ዓምሃ ወረቀቱን አንብበው ፈገግ ሲሉ ጆሮዬ «ይበል» ሲባል ሰማ።

ለአፀደ እንድትጽፈው ሰጠኋት። ጻፈች፣ ጻፈችና እዚያች ቃል ላይ ስትደርስ ታይፑ ቆመ።

«አባባ፣ ይህቺ የሚጠበቅበት የምትለው ሁለት ነገር አትሆንም?»

«እንዳለ ጻፊው።»

«ኋላ ሰው እንዳይጣላባት ብዬ እኮ ነው። ኩባንያው የሚያቀርብለት ብንለውስ?»

«እንዳለ ጻፊው አልኩሽ።»

ጻፈችው። አባቷ ነኝና ጻፈችው። እናንተ ከልጅነቷ ጀምራችሁ የምታውቋት ልጅ፣ ማበጠሪያ ክፍል ሴቶች በነጠላቸው እያዘሉ ያሳደጓት ልጅ፣ በገዛ ጣቶቿ እናንተን የሚጥል ወጥመድ እንድትጽፍ ያደረግኋት እኔ ነኝ። አፀዬ፣ ቀና በይ፤ አንቺ የምታፍሪበት ነገር የለም።

የባሰው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሰነዱ ለማኅበሩ በተሰጠ ማግሥት ዓለምነሽ ቢሮዬ መጣች። ታስታውሻለሽ ዓለምነሽ? ነጠላሽ ላይ የጥጡ ብናኝ እንዳለ ነበር። ወንበር ብሰጥሽ «ቢሮዎን አቆሽሻለሁ» ብለሽ ቆመሽ ቀረሽ።

«ጋሼ፣ እኔ ማንበብ አላቅተኝም፣ ሕጉ ነው የማይገባኝ» አለችኝ። «ይህ አንቀጽ ሁለት ላይ ያለው ነገር ለእኛ ጥሩ ነው?»

ምን ብዬ መለስኩ? «ጓንቱ ይጠብቃችኋል ማለት ነው» አልኳት። ልብ በሉ፣ ውሸት አልተናገርኩም። ሰሙን ብቻ አንሥቼ ሰጠኋት። ከውሸት የከፋው ይኸው ነው፤ ውሸትን ሰው ይይዘዋል፣ ይህን ግን ምኑን ይዞት?

«እርስዎ ካሉ በቃኝ» አለችኝ። አመስግናኝ ወጣች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ካሉ በቃኝ» የምትለው ነገር ጆሮዬ ላይ ተቀምጣለች። እንጀራ ስቆርስ እሰማታለሁ፤ ቅዳሴ ላይ ቆሜ እሰማታለሁ። ራሴን ላጽናና ያልሞከርኩት የለም። «ቢታወቅ እንኳ ምን ይሆናል? ጋሼ በ ደግሞ ሳተ ብለው ይስቃሉ» እል ነበር። አያችሁ? የወደዳችሁኝን ፍቅር መሸሸጊያ ላደርገው አስቤ ነበር። የድሮው ስሕተቴ የአሁኑን ተንኮል እንዲሸፍንልኝ ፈልጌ ነበር። በዚህ ከሁሉ በላይ አፈርኩ።

ዛሬ ልናገር ብዬ ከቤቴ አልወጣሁም። እውነቱን ልናገር፣ ሌላ ንግግር ነበረኝ። እዚህ ኪሴ ውስጥ አለ። ስለ ትብብር ነው፣ ስለ ፋብሪካው እድገት ነው፣ ግርማዊ ጃንሆይ ስለ ሰጡን የሥራ ዘመን ነው። ደኅና ንግግር ነበር። አዳራሹ በር ላይ ስደርስ ለታን አገኘሁት። እጄን ዘረጋሁለት። እሱ የክንዱን አንጓ ሰጠኝ።

ሰው እጁ ሲቆሽሽ ክንዱን እንደሚሰጥ ሁላችንም እናውቃለን። «ምነው ለታ፣ ዛሬ እንኳ ታጥበህ መምጣት አቃተህ?» ብዬ ቀለድኩበት።

«ታጥቤአለሁ ጋሼ» አለኝ። «ሲጨብጡኝ ስለሚያመኝ ነው።»

መዳፉን አየሁት። ቆዳው ተልጧል፤ በየመገጣጠሚያው ተሰነጣጥቋል። እሱ ደግሞ የእኔን ፊት አይቶ እኔን ያጽናናኝ ጀመር፤ «አይዞዎት ጋሼ፣ ከነገ ጀምሮ ጓንት ይሰጡናል አይደል? እርስዎ ጽፈውልናል» አለኝ።

እንግዲህ ይህን ሰምቼ ስለ ፋብሪካው እድገት ላውራላችሁ? አልቻልኩም።

አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላሉ። ይህን ተረት ሁልጊዜ ጨካኝ ተረት ነው እል ነበር፤ አሁንም እላለሁ። እኔ ግን የወለድኳት ወንበር እንዳታጣ ብዬ የተናገርኩትን አጠፋሁ። ሁለቱንም ላጣ ነው። አቶ ዓምሃ፣ በእኔ ተቀይመው ልጄን ከሥራ ቢያወጧት መብት አለዎት፤ ኮንትራቷን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ጊዜያዊ እንደ ሆነች አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልበልዎት። በዚህ ፋብሪካ ያን ቃል አንብቦ «ይህ ቃል ሰው ያጣላል» ያለ አንድ ሰው አፀደ ናት። ወንበሬ ላይ የሚቀመጥ ሰው ከፈለጉ፣ አባቷ ሲያጠፋ የጠየቀች ልጅ አለችልዎት። እንደ ፈቀዱ ያድርጉ።

ለባለ አክሲዮኖቹም፣ እዚህ የሉም እንጂ፣ እንዲህ ንገሩልኝ። በመጨረሻ ሁለት ፍቺ ያለው ውል ለእነሱም አይበጃቸውም። ዛሬ የዋሁ ሠራተኛ ይፈርማል፤ ነገ የተጎዳው ይከሳል፣ ከነገ ወዲያ ሁሉም ሥራ ያቆማል። ውል የሚጻፈው ሰው ፊት ለፊት እንዲተያይ ነው። ቅኔው ማኅሌት ውስጥ ይቅር፤ እዚያ ያምርበታል።

ዓለምነሽ፣ አሁን ላንቺ ነው። ነገ ብዕር ሲሰጡሽ ወዲያው አትፈርሚ። መጀመሪያ አንቀጽ ሁለትን አስነብቢ። «የሚጠበቅበት» የሚለው ይሰረዝና «ኩባንያው ለሠራተኛው በነጻ የሚያቀርብለት» ተብሎ ይጻፍ። ቃሉ ረዘመ፣ አስቀያሚ ሆነ ቢሉሽ «ይርዘም» በያቸው። ለውል ማማር ምን ያደርግለታል? ከዚያ የታችኛውን አንቀጽ አስነብቢና ማን ምን እንደሚጠየቅ በየስሙ አስጽፊ። አንዲት ነገር ደግሞ ቃል ግቢልኝ። ከእንግዲህ ለማንም ጸሐፊ፣ ሽበት ቢኖረው፣ ክርስትና ቢያነሣ፣ አብሮሽ ቢያለቅስ እንኳ «እርስዎ ካሉ በቃኝ» አትበይው። «እስቲ በሌላ ቃል ይንገሩኝ» በይው። በሌላ ቃል ሊነግርሽ ካልፈለገ ያን ጊዜ አንቺ አውቀሻል።

ይቅርታ እንድታደርጉልኝ ዛሬ አልጠይቃችሁም። ጠላና ዳቦ ይዞ፣ በሸኚ ፊት የሚጠየቅ ይቅርታ ሰውን ማስገደድ ነው። ማን «አይሆንም» ይለኛል እዚህ ቆሜ? ስለዚህ ጋቢው እዚያ ወንበሩ ላይ ይቆይ። ነገ ውሉ ተቃንቶ ከተፈረመ፣ እናንተም ይገባዋል ካላችሁ፣ አንድ ሰው ቤቴ ያድርስልኝ። ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ ስትወጡ የቱንም ልጅ ብትጠይቁ ያሳያችኋል። አይገባውም ካላችሁም ለባጫ ስጡት። እሱ ቢያንስ ሲጠብቅባችሁ ዱላውን ይዞ በግልጽ ነበር።

በሉ፣ አቆየኋችሁ። ጠላውም ሊሞቅ ነው። ሽማግሌ ነኝና ሳልመርቃችሁ አልወርድም።

ማበጠሪያ ክፍል ያላችሁ፣ ደረታችሁን ከብናኝ ይሰውርላችሁ። ቀለም ክፍል ያላችሁ፣ እጃችሁ ይዳን፤ ለታ፣ የከርሞ ሰው ይበለንና ያን ጊዜ ሙሉ መዳፍህን ጨብጬ ሰላም እንድልህ ያብቃኝ። አቶ ዓምሃ፣ ከሁለት እሳት መሐል የሚያወጣዎት ጥበብ ይስጥዎት፤ ቅኔ አይስጥዎት። አፀዬ፣ አባትሽ «እንዳለ ጻፊው» ያለሽን እርሺና የጠየቅሽውን ጥያቄ አትርሺ። ባጫ፣ በሩ ሰላም ይሁንልህ። ልጆቻችሁ የጻፉትን ሰው ፊት ደግመው ማንበብ የማያፍሩ ይሁኑ።

ጥበቃው ይደረግላችሁ፤ አይደረግባችሁ። የሚጠበቅብኝን ዘግይቼም ቢሆን አድርጌአለሁ፤ እናንተ ደግሞ የሚጠብቃችሁ አትጡ።

አሜን በሉኝ። እሷ እንኳ አንድ ፍቺ ብቻ ነው ያላት።